የጓሮ አትክልት በረከትና ደስታ

(ለሰበካ ጉባኤ አባላትና ለካህናት ከተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ጓሮ አትክልት እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ ሁሉ የምንጀምረው ከጥቅሙ ነው። ወጪ ይቀንሳል፣ ገበታን ያሟላል፣ ለሕፃናት ዕድገት ይረዳል፣ የተረፈውም ተሽጦ ለቤተ ክርስቲያን ገቢ ይሆናል እንላለን። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል፤ ከየቤታችን ገበታ ጋር ስናመዛዝነው ምን ያህል እንደሚጎድለን ሁላችንም እናውቀዋለን። ዛሬ ግን በአባቶች ፈቃድ ከጥቅሙ ይልቅ ስለ ደስታው ልንናገር ወድደናል። ይህን የመረጥነው ነገሩን ለማቅለል አይደለም። በጥቅም ብቻ የተጀመረ የአትክልት ቦታ ድጋፉ ሲቋረጥ አብሮ ይቋረጣል፤ በደስታ የተያዘው ግን ከባለቤቱ ጋር ይኖራል። በየአጥቢያው ስንዘዋወር ደጋግመን ያየነው ይህንኑ ነው።

ሊቃውንት አባቶቻችን እንደሚያስተምሩን፣ እግዚአብሔር አዳምን ፈጥሮ ያኖረው በገነት ነው፤ የሰጠውም ሥራ ገነቲቱን ማበጀትና መጠበቅ ነበር (ዘፍ. 2፥15)። ልብ ልንለው የሚገባን ይህ ሥራ የተሰጠው ከውድቀት በፊት መሆኑን ነው። የፊት ላብ፣ እሾህና አሜከላ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። እንግዲያውስ ምድርን መንከባከብ በራሱ ቅጣት አልነበረም ማለት ነው። ሰው በማለዳ ተነሥቶ ትንሽ መደብ ሲኮተኩት የሚሰማው ደስታ ከዚያ ከጥንቱ ሥራ የቀረልን ቅምሻ ነው ብንል የምንሳሳት አይመስለንም። ጌታችን የተቀበረውም በአትክልት ቦታ ነበር፤ በትንሣኤው ማለዳ ማርያም መግደላዊት የአትክልት ጠባቂ የመሰላት ስለዚህ ነው (ዮሐ. 20፥15)። ምሥጢሩን ለመምህራኑ ትተን ወደ ጓሯችን እንመለስ።

ለመሆኑ የዚህ ሥራ ደስታ ከምኑ ላይ ነው? እንደ እኛ አስተያየት የመጀመሪያው ደስታ የመጠበቅ ደስታ ነው። የጎመን ዘር አመቺ አፈርና እርጥበት ሲያገኝ ሳምንት ሳይሞላው ብቅ ይላል፤ ለጀማሪ ልብ የሚሆን ዘር ነው። ካሮት ግን ትዕግሥትን ያስተምራል። ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከአፈር ሥር ቆይቶ እንደ ክር የቀጠነ ቅጠሉን ያወጣል፤ ከዚያም ሥሩን እስኪያበጅ ሦስት ወር ያህል ያስጠብቃል። በአንድ የአብነት ትምህርት ቤት ያየነው ነገር ዛሬም ፈገግ ያሰኘናል። አንድ ትንሽ የንባብ ቤት ተማሪ ከጎጆው አጠገብ ካሮት ዘርቶ፣ አድጎ እንደሆነ ለማየት በየጥቂት ቀኑ አንድ አንዱን እየነቀለ ይመለከት ነበር። የኔታም ነገሩን አይተው አልተቆጡም፤ ፊደል እንዳትረሳ ዘወትር ከልብህ አውጥተህ ታየዋለህ፣ ካሮቱን ግን ተወው፣ እርሱ በጨለማ ነው የሚያጠናው አሉት። ልጁ ከነቀለው የተረፈውን ጠብቆ ለጓደኞቹ አካፈለ። ከደጅ ደጅ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ፣ በገዛ እጁ ያበቀለውን ለሌላው ሲሰጥ የፊቱን ገጽታ ላየ ሰው፣ ይህ ሥራ ስለ ምግብ ብቻ እንዳልሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ደስታ የማየት ደስታ ነው። ከኪዳን ጸሎት በኋላ ፀሐይ ሳትበረታ በመደቦቹ መካከል የሚመላለስ ሰው በየቀኑ አዲስ ነገር ያገኛል። ትናንት አንገቱን የደፋው ችግኝ ዛሬ ቀና ብሏል፤ የቃሪያው አበባ ረግፎ የጥፍር ያህል ፍሬ ታይቷል፤ የዱባው ሐረግ ማንም ሳያየው አጥሩን ተሻግሯል። ንብ በድንብላሉ አበባ ላይ ናት። እግዚአብሔር በቃሉ የፈጠራት ምድር ዛሬም ሥራ አለመፍታቷን በዐይን ማየት ምስጋናን ሳይጠሩት ያመጣዋል። ብዙ ጊዜ በስብከታችን ስለ ሰናፍጭ ቅንጣት እንናገራለን፤ የጎመን ዘር በመዳፉ ይዞ የማያውቅ ሰው ግን ያ ምሳሌ የሚናገረውን ታናሽነት በጆሮው ብቻ ነው የሚሰማው።

ሦስተኛው የመቁረጥና የመቅመስ ደስታ ነው። ቆስጣ ከተዘራ ሁለት ወር ገደማ ሲሞላው የውጭ የውጭውን ቅጠል ቢቆርጡለት ከመካከሉ ደግሞ ያወጣል፤ ከአንድ እግር ብዙ ጊዜ ይበላል። ጎመንም እንዲሁ እየተቀነጠሰ ይሰጣል። ወጡ ከተጣደ በኋላ ወጣ ብሎ ቃሪያ ቆርጦ መመለስ፣ ለቡናው ጤና አዳም ቀንጥሶ ማምጣት፣ ለበርበሬው የሚሆነውን በሶብላ ከራስ ደጃፍ መሰብሰብ፣ ይህ ሁሉ ገንዘብ ያለው ሰው ሁሉ የሚያገኘው ምቾት አይደለም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው የመስጠት ደስታ ነው። እህል ጎተራ ይገባል፤ ይቆለፍበታል፤ ዋጋው እስኪወደድ ይቆያል። ጎመን ግን ቁልፍ አያውቅም። ዛሬ ካልተቀነጠሰ ነገ ያረጃል፤ ተቀንጥሶ ካልተበላም ይጠወልጋል። ስለዚህ አንድ መደብ ጎመን ያለው ሰው ሳይወድ በግድ ጎረቤቱን ማሰብ ይጀምራል። አንድ እስር ለታመመችው፣ እፍኝ ቃሪያ ለአራሷ ቤት፣ የቀረውን ለተማሪዎቹ ይልካል። በወንጌል የተጠቀሰው፣ ጎተራውን አፍርሶ ሊያሰፋ ያሰበው ባለጸጋ (ሉቃ. 12) ከእህሉ ጎን ጥቂት አትክልት ተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ ምናልባት ጎተራ ከማስፋት በፊት ጎረቤቱ በታወሰው ነበር።

የተወደዳችሁ፣ በአገራችን ጎመን ስሙ ከፍ ብሎ የሚነሣ ምግብ አልነበረም። ክረምቱ ሲወጣ የጎመኑ ምንቸት ይውጣ፣ የገንፎው ምንቸት ይግባ ይባል እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ያስታውሱናል። ጎመን እህል ያለቀበት የክረምት ወራት ማለፊያ ስለነበረ፣ አዲስ እህል ሲደርስ መሰናበቱ ደስታ ነበር። ነገር ግን ያው ሕዝብ ጎመን በጤና ብሎ ተርቷል። ጠቢቡ ሰሎሞንም በፍቅር የሚበላን የጎመን ማዕድ፣ ጥል ካለበት የፍሪዳ ግብዣ አብልጦታል (ምሳ. 15፥17)። ዳንኤልና ባልንጀሮቹ በባቢሎን ከንጉሡ ማዕድ ይልቅ ከምድር የሚበቅለውን በመረጡ ጊዜ ፊታቸው ያማረ፣ አካላቸው የፋፋ ሆኖ ተገኝቷል (ዳን. 1)። አትክልትን የድህነት ምልክት አድርጎ ማየት እንግዲህ የእምነታችን ትምህርት አይደለም፤ ከችግር ዘመን የቀረብን ትዝታ ነው።

እንዲያውም የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ሥርዓት አትክልት ለሚወድ ሰው እጅግ የተመቸ ነው። በጾም ሥጋውና ወተቱ፣ ቅቤውና እንቁላሉ ሲቀር በብዙ ቤት የሚቀረው ሽሮ ብቻ ነው። ሽሮ የተባረከ ምግብ ነው፤ ብቻውን ሲሆን ግን ገበታው ይጎድላል። የጓሮ አትክልትን ከጾም ወራት ጋር አስማምቶ መዝራት ይህን ጉድለት ከመሙላቱ በላይ ልዩ ደስታ አለው፤ ሰው የቤተ ክርስቲያንን ዘመን በአፈሩ ላይ ያነብበዋልና። በደጋና በወይና ደጋ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች የሚሆነውን እንደሚከተለው እናስታውሳለን።

ለጾመ ፍልሰታ፣ ማለትም ከነሐሴ 1 እስከ 15 ላለው ጊዜ፣ ጎመንና ቆስጣ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ዝናቡን ተከትሎ ይዘራል። በዚህ ወቅት ችግሩ የውሃ ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው፤ ስለዚህ መደቡን ከፍ አድርጎ መሥራትና ዙሪያውን ቦይ ማውጣት ያስፈልጋል። ኅዳር 15 ለሚጀምረው ለጾመ ነቢያት ካሮቱን በጳጉሜንና በመስከረም መጀመሪያ፣ ቀይ ሥሩንና ቆስጣውን በመስከረም መዝራት ይበቃል። 55 ቀን ለሚጾመው ለዐቢይ ጾም ደግሞ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ መዝራት ይገባል። ያ ወቅት የበጋ ጊዜ በመሆኑ የዕለት ማጠጫ ውሃ ሊኖር ግድ ነው፤ በደጋው የውርጭ ወቅት በመሆኑም ችግኙን ማታ ማታ በሣር ወይም በኮባ ቅጠል መሸፈን ይጠቅማል።

ደስታውን ስናወሳ ሐዘኑን መደበቅ አይገባንም። ክሽክሽ ይመጣል፤ በረዶ በአንድ ሰዓት የወሩን ድካም ያወርደዋል፤ ዶሮ የተዘራውን ይጭራል፤ ፍየል ክፍት በር አይታ አታልፍም። ይህም አዲስ ነገር አይደለም። የመነኮሳት አባት የአባ እንጦንስን ገድል የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚተርከው፣ ቅዱሱ በበረሃ ሳሉ ሰዎች እንጀራ እየተሸከሙ እንዳይደክሙ በማሰብ ትንሽ መሬት ቆፍረው እህል ዘሩ። በኋላም ረጅም መንገድ ተጉዘው የሚጎበኟቸው እንግዶች ጥቂት እንዲጽናኑ አትክልት ተከሉ። ውሃ ሊጠጡ የሚመጡት የበረሃ አራዊት ግን ተክሉን ያበላሹባቸው ነበር። አባታችን ከአራዊቱ አንዱን በየዋህነት ይዘው፣ እኔ ሳልበድላችሁ ስለ ምን ትጎዱኛላችሁ ብለው በእግዚአብሔር ስም ገሠጿቸው፤ ከዚያም ወዲያ አልተመለሱም ይባላል። እኛ ያ ጸጋ ስላልተሰጠን አጥር እናጥራለን፤ ለክሽክሹም የሳሙና ውሃ እንረጫለን። ከታሪኩ የምንወስደው ግን ሌላም አለ። በበረሃ ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ለራሳቸው በጥቂት እንጀራ የሚበቃቸው አባት አትክልቱን የተከሉት ለሚመጣው እንግዳ ነበር።

አሁን በመጀመሪያ ወደ ጠቆምነው ምክንያት እንመለስ። በየሩብ ዓመቱ የምንሞላው የሪፖርት ቅጽ የመደብ ብዛት፣ የችግኝ ብዛት፣ የተጠቃሚ ብዛት የሚል ዓምድ አለው። ደስ ያለው ሰው ብዛት የሚል ዓምድ የለውም፤ ሊኖረውም አይችል ይሆናል። ይሁን እንጂ የአትክልት ቦታው ከሦስት ዓመት በኋላ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ያ ያልተጻፈው ነው። ሁለት አጎራባች አጥቢያዎችን እናውቃለን። ሁለቱም አንድ ዓይነት ዘር፣ አንድ ዓይነት ዶማና ውሃ ማጠጫ ተቀብለዋል። አፈራቸውም አንድ ነው። በአንደኛው ሥራው ለሃያ ሰዎች በተራ ተደለደለ፤ ተረኛ ተረኛን ሲጠብቅ ችግኙ ደረቀ፤ አጥሩም ለማገዶ ሄደ። በሁለተኛው ሥራውን የያዙት አንድ ጡረተኛ መምህርና ሁለት የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ናቸው። ማንም አላዘዛቸውም፤ ይወዱታል። ሌላው ምእመን ከቅዳሴ ሲወጣ ለማየት ይመጣል፤ አይቶም ዘር ይለምናል። ዛሬ በዚያ አጥቢያ ዙሪያ ባሉ ቤቶች ጓሮ የሚታየው ቆስጣ ከዚያ የወጣ ነው።

ሌላም እንጨምር። በአንድ የከተማ አጥቢያ በመቃብር ቤት የሚኖሩ አንዲት አረጋዊት እማሆይ ሦስት አሮጌ ጆንያዎች አፈር ሞልተው ከበራቸው ላይ አቁመዋል። በአንዱ ጎመን፣ በሁለተኛው ቆስጣ፣ በሦስተኛው ጤና አዳምና በሶብላ አለባቸው። የሚያጠጡት እጃቸውንና ሳህናቸውን በታጠቡበት ውሃ ነው። ምን አገኙበት ብለን ብንጠይቃቸው፣ «ልጆቼ፣ ማለዳ የሚጠብቀኝ ነገር አገኘሁ» አሉን። ብቸኝነት ለሚያስጨንቃቸው አረጋውያን፣ ሥራ ፈትተው ለተቀመጡ ወጣቶች፣ ከሐዘን ላልወጡ እናቶች፣ ይህ መልስ ከማንኛውም የፕሮጀክት ሰነድ በላይ የሚናገር ይመስለናል።

እንግዲህ የሰበካ ጉባኤያት ምን ያድርጉ? በዚህ በኩል የምንለምናችሁ ጥቂት ነገር ነው።

በመጀመሪያ፣ ከመሬቱ አስቀድማችሁ ሰው ፈልጉ። በአጥቢያችሁ አፈር መንካት የሚወድ ሰው አይጠፋም። የሚወደውን ሰው አግኝታችሁ መሣሪያውን ለእርሱ አስረክቡ፤ ከእርሱም ጋር ሁለት ልጆችን አቁሙ።

ሁለተኛ፣ በትንሹ ጀምሩ። ወርዱ አንድ ሜትር ከሃያ የማይበልጥ፣ ከሁለቱም ወገን እጅ ዘርግቶ መሐሉን መንካት የሚቻልበት አንድ መደብ ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል። አፈሩ በእግር አይረገጥ። ከወጥ ቤት የሚወጣው ልጣጭ፣ የረገፈው ቅጠልና ፍጉ በአንድ ጉድጓድ ተነባብሮ እርጥበት ሳይለየው እየተገላበጠ ከሦስትና ከአራት ወራት በኋላ ብስባሽ ይሆናል፤ ለዚህ ገንዘብ አይጠየቅም። ጎመኑና ጥቅል ጎመኑ በችግኝ መደብ ፈልቶ አራት አምስት ቅጠል ሲያወጣ ፀሐይ በበረደችበት ሰዓት ይዛወራል፤ ካሮት ግን መዛወር ስለማይወድ በቦታው ይዘራል።

ሦስተኛ፣ ስለ ቦታው ተጠንቀቁ። ለአትክልት ሲባል የቤተ ክርስቲያን ዛፍ አይቆረጥ፤ መቃብር አይቆፈር። የተመረጠው ቦታ የካህናቱን ፈቃድ ያገኘ፣ ከተማሪዎቹ ጎጆ ወይም ከውሃው የቀረበ ይሁን። በከተማ ያላችሁ ቆሻሻ ፍሳሽ በሚወርድበት ወንዝ ውሃ አታጠጡ። ወሰኑ ባልለየ፣ ከጎረቤት ጋር ክርክር ባለበት መሬት ላይ ደግሞ አንዲት ችግኝ እንኳ አትትከሉ። በመጽሐፈ ነገሥት ንጉሥ አክዓብ የናቡቴን ርስት የተመኘው የአትክልት ቦታ ሊያደርገው ነበር። ምኞቱ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል፤ ፍጻሜው ግን የንጹሕ ሰው ደም ሆነ። በግፍ መሬት ላይ የበቀለ ጎመን ለቤተ ክርስቲያን በረከት አይሆንም።

አራተኛ፣ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የበዓላት ጥያቄ ነው። መቆፈሩ፣ መኮትኮቱና መዝራቱ ለሥራ ቀን ይቆይ። ማጠጣቱን በተመለከተ ግን በዋዜማው ማታ በደንብ የጠጣና ደረቅ ሣር የተጎዘጎዘበት መደብ የበዓሉን ቀን ያለ ችግር ያልፋል። ስለዚህ አትክልት ሥርዓተ በዓልን ያስጥሳል የሚል ስጋት አይግባችሁ፤ ከዚህ የተረፈውን የአጥቢያችሁ አባቶች ይመልሱላችኋል።

የተወደዳችሁ አባቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤ ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለተማረኩት ወገኖቹ በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፣ አትክልትም ተክለው ፍሬውን እንዲበሉ በእግዚአብሔር ቃል አዝዟቸው ነበር (ኤር. 29፥5)። አትክልት የሚተክል ሰው ነገን ተስፋ የሚያደርግ ሰው ነውና። ኑሮ በከበደበት፣ ብዙው ወሬ ልብን በሚያደክምበት በዚህ ዘመን፣ ለምእመናን ተስፋን በቃል ከማስተማር ጋር በትንሽ መደብ ላይ አብቅሎ ማሳየት የአጥቢያ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ነው ብለን እናምናለን።

ስለዚህ እስከሚቀጥለው ሩብ ዓመት ድረስ እያንዳንዱ አጥቢያ አንድ ሰውና አንድ መደብ እንዲያዘጋጅ በትሕትና እንጠይቃለን። ለሚቀጥለው ጉባኤ ስትመጡም ሪፖርቱን በቅጹ ሞልታችሁ አምጡ፤ ከእርሱ ጋር ግን የቻለ አንድ እስር ጎመን ይዞ ይምጣ። የጉባኤውን ምሳ ከዚያ ሠርተን አብረን እንበላለን፤ በቅጹ ላይ ያልተጻፈውንም በማዕዱ ዙሪያ እንነጋገረዋለን።

ዘሩን የሚያበቅል፣ ዝናቡን በጊዜው የሚሰጥ አምላክ የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።